ከጥሪው እስከ ፓትሮሉ

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው 911 ደውሎ የድረሱልኝ ጥሪ ሲያሰማ፣ ማን እንደሚመጣና ምን ጠብቆ እንደሚመጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ስልኩ በተነሳበት ክፍል ውስጥ ነው። ፖሊስ ኃይል ስለሚጠቀምበት መንገድ ለዓመታት የዘለቀው የአደባባይ ክርክር ግን ትኩረቱን በፓትሮል ፖሊሱ ላይ ብቻ አድርጎ፣ ጥሪ ተቀብሎ ስምሪት የሚሰጠውን ሠራተኛ ዘንግቶታል። ይህ መታረም አለበት፤ ፓትሮሉ ቦታው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነውና።

ወጥ የአደጋ ጊዜ ቁጥር የተጀመረው ለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ዊምፖል ጎዳና ላይ በተነሳ ቃጠሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። እሳት አደጋን ለመጥራት የደወለ ጎረቤት መስመሩ ላይ ወረፋ እንዲጠብቅ ተደርጎ ነበር። ቁጣው 999ን በ1937 ወለደ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ፕሬዚዳንታዊ ኮሚሽን ሐሳቡን ያቀረበው በ1967 ሲሆን፣ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1968 በአላባማዋ ትንሽ ከተማ በሄሊቪል ተደወለ።

መኪናና ሬዲዮ የጀመሩትን ለውጥ 911 አጠናከረው። ሠፈሩን በእግሩ እየዞረ ነዋሪውን ያውቅ የነበረው ፖሊስ ከጥሪ ወደ ጥሪ የሚሮጥ ሆነ፤ የሥራው መለኪያም ፍጥነት ሆነ። ይሁንና በ1972 እና በ1973 በሚዙሪዋ ካንሳስ ሲቲ የተደረገ ሙከራ በመኪና የሚደረግ ፓትሮል ወንጀልን ይቀንሳል የሚለውን እምነት ፈተነ። ከ15 ቀጠናዎች በአንዳንዶቹ ፓትሮል ለጥሪ ካልሆነ በቀር እንዳይገባ፣ በአንዳንዶቹ እጥፍና ከዚያ በላይ እንዲሆን፣ በቀሩት እንደነበረ እንዲቀጥል ተደረገ። በወንጀልም ሆነ በነዋሪው ስጋት ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። በዚያው ከተማ በኋላ የተካሄደ ጥናት ደግሞ ሰዎች ከመደወላቸው በፊት የሚያልፈው ጊዜ ራሱ ረጅም መሆኑን አሳየ። ፍጥነት ሕይወት የሚያተርፍበት ጊዜ አለ፤ ብቻውን ግን በቂ አይደለም።

ጥሪ ተቀባዩ መጀመሪያ የሚጠይቀው አድራሻ ነው፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ሰው መላክ ይቻላል። ቀጥሎ ምን እንደተፈጠረ፣ መሣሪያ መኖሩን፣ የተጎዳ ሰው መኖሩን ይጠይቃል። መልሱን ኮምፒውተር ላይ እየጻፈ ለጥሪው ዓይነትና የአጣዳፊነት ደረጃ ይሰጣል። በትልልቅ ማዕከላት መኪናውን በሬዲዮ የሚያሰማራው ሌላ ሠራተኛ ነው። አንድ ቃል ከተዘለለ የሚዘለለው በዚህ ቅብብሎሽ ላይ ነው።

በኖቬምበር 2014 ክሊቭላንድ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ደዋዩ በመናፈሻ ሽጉጥ ስለያዘ ሰው ሲናገር፣ ሽጉጡ የውሸት ሊሆን እንደሚችል፣ የያዘውም ልጅ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጾ ነበር። ይህ ለፓትሮሉ አልደረሰም። የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ መኪናው በደረሰ በሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተተኮሰበት፤ በማግስቱም ሞተ። የጠፋው ቃል የተኳሹን ኃላፊነት አያነሳም። ፖሊሶቹ ምን አእምሯቸው ውስጥ ይዘው እንደወረዱ ግን ያሳያል።

ሁሉም ጥሪ የታጠቀ ሰው አይፈልግም። የኦሪገኗ ዩጂን ከተማ ከ1989 እስከ 2025 ለአእምሮ ጤና ቀውስ የሕክምናና የምክር ባለሙያዎችን ስትልክ ቆይታለች። ዴንቨር በ2020 ተመሳሳይ አገልግሎት ጀመረች፤ በ2022 ደግሞ 988 የአእምሮ ቀውስ መስመር ሆኖ በመላ አገሪቱ ተከፈተ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ጥሪውን በትክክል የሚለይ ሰው ሲኖር ነው። የፌዴራሉ የሥራ ምደባ ያንን ሰው ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ሠራተኛ ጎን ሳይሆን ከቢሮ ሠራተኞች ጋር ሲመድበው ኖሯል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ጉዳዩ የቅርብ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው ቋንቋቸውን ቢጠሩ በስልክ አስተርጓሚ ሊገናኝላቸው ይችላል፤ አስተርጓሚው እስኪመጣ ግን አድራሻን በእንግሊዝኛ መናገር መቻል ለእናት አባቶቻችን ልናስተምረው የሚገባ ነገር ነው። አገር ቤት ደግሞ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፖሊስ በ991፣ እሳት አደጋ በ939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ሲጠራ፣ የትኛውን መደወል እንዳለበት የመለየቱ ሸክም በተጨነቀው ሰው ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ የፖሊስ ማሻሻያ የሚያቅድ ሁሉ የስልክ ክፍሉን ማካተት አለበት። ለጥሪ ተቀባዩ በቂ ሥልጠናና ዕረፍት፣ ከፓትሮሉ ጋር የጋራ ልምምድ፣ ለሥራው የሚመጥን ደረጃና ክፍያ ያስፈልጋል። ፓትሮል ፖሊሱም የሰማውን ሳያጣራ እንዳይተኩስ፣ ያልተነገረውን መልሶ እንዲጠይቅ መሠልጠን አለበት።