አሮጌ የወርቅ ጌጥ ሲሸጥ ዋጋው እንዴት ይሰላል?

ባሕር ዳርን ከጎንደር በሚያገናኘው መንገድ ላይ በምትገኘው እንፍራንዝና በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ የወርቅ ጌጥ ለብዙ ቤተሰቦች የክፉ ቀን መጠባበቂያ ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ጌጡ ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋው እንደተገዛበት አይተመንም። አሮጌ ወርቅ ቀልጦ እንደገና ስለሚሠራ ገዢው የሚከፍለው በውስጡ ላለው ወርቅ ነው። የእጅ ዋጋ አይመለስም፤ ፈርጥም አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ ይቀነሳል።

የወርቅ ንጽሕና የሚለካው በካራት ነው። 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ሲሆን፣ 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት ደግሞ 75 በመቶ ወርቅ ይይዛል። ቀሪው እንደ መዳብና ብር ያለ ሌላ ብረት ነው። በጌጡ ላይ 875 የሚል ምልክት 21 ካራትን፣ 750 የሚል ደግሞ 18 ካራትን ያመለክታል።

ስለሆነም ሻጮች ዋጋ ከመስማማታቸው በፊት፦

- ጌጡ በፊታቸው እንዲመዘንና ካራቱ እንዲፈተሽ፤
- ገዢው ለአንድ ግራም የሚከፍለውን ዋጋ በየካራቱ ለይቶ እንዲነግራቸው ሊጠይቁ፤
- ቢያንስ የሁለት ወርቅ ቤቶችን ዋጋ ሊያነጻጽሩ ይገባል።

10 ግራም የሚመዝን የ21 ካራት ጌጥ በ18 ካራት ሒሳብ ቢሸጥ፣ ሻጩ የ1.25 ግራም ንጹሕ ወርቅ ዋጋ ያጣል።