ልጅ ለመደገፍ ሲያስቡ
ለችግር የተጋለጠ ልጅ በበጎ ፈቃድ ለመደገፍ የሚያስቡ ባልደረቦቼ፣ ምን ይዘን እንሂድ ይሉኛል። እኔ ግን አስቀድሜ “ዓመት ሙሉ ትቆያላችሁ ወይ?” እላለሁ።

“ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ” የተባለው የአሜሪካ ድርጅት መነሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 የኒውዮርክ የሕፃናት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ኧርነስት ኩልተር እያንዳንዱ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር እንዲወዳጅ ያቀረበው ጥሪ ነው። በድርጅቱ ልጆች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ወዳጅነት ልጆቹን በብዙ መልኩ ሲጠቅም፣ በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠው ግን ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት ዝቅ ማድረጉን አሳይቷል።

አልገረመኝም። ሁለት ቅዳሜ ቀርቼ በሦስተኛው ስሄድ፣ የማስጠናው ልጅ ደብተሩን ሳያወጣ “ጋሼ፣ ሊተዉኝ ነው?” አለኝ። (አባቱም የሄደው እንዲሁ ሳይናገር ነበር።)

በየቀኑ እመጣለሁ አትበሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። የምትቀሩ ከሆነ ደውሉ። ውጭ አገር የመሄድ ሐሳብ ያለው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ለልጁ አሳዳጊ ይንገር።