በአዲሱ ቤት ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ

አዲስ ቤት ሠርቶ መግባት ለቤተሰብ ሁሉ ታላቅ ደስታ ነው። በጎንደር ከተማ ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ በሩና ስለ መስኮቱ ከሠራተኛው ጋር አጥብቆ ይከራከራል። በግድግዳው ተሰውሮ ስለሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቆርቆሮ ቢያፈስ በመጀመሪያው ዝናብ ይታወቃል፤ ያለ አግባብ የተዘረጋ ሽቦ ግን ለብዙ ዘመን ዝም ብሎ ቆይቶ በአንዲት ሌሊት ቤቱንም ቤተሰቡንም ሊያጠፋ ይችላል።

እኛም በዚሁ ነገር ተፈትነናል። አዲስ ቤት በገባን በመጀመሪያው ዓመት፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ከሚወርዱበት ከከተራ አስቀድሞ፣ ከገጠር ለሚመጡት እንግዶቻችን እንጀራ ይጋገር ነበር። የኤሌክትሪኩ ምጣድ በጋለበት ሰዓት በዚያው መስመር ላይ የወጥ ምድጃ ተጨመረ። ጥቂት ቆይቶ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ሶኬቱም ቀልጦ ግድግዳው ጠቆረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሕፃናቱ ውጭ ነበሩ። በማግስቱ ባለሙያ ጠርተን ብናስከፍተው፣ ሽቦው ለአምፖል የሚበቃ እንጂ ምጣድ የሚሸከም አልነበረም። ከዚህም የከፋው፣ ቀድሞ የተቃጠለው ፊውዝ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ተተክቶ ተገኘ። ጠባቂው ከበሩ ተነሥቶ ነበርና አደጋውን የሚያቆም አልነበረም።

የነገሩ ምክንያት በቀላል ሒሳብ ይታወቃል። በአገራችን በየቤቱ የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህ ለ220 ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። ባለ 100 ዋት አምፖል ግን የአንድ አምፔር ግማሽ እንኳ አይወስድም። እንግዲህ አንድ ምጣድ የ35 አምፖሎችን ሸክም ብቻውን ይሸከማል ማለት ነው። ቀጭን ሽቦ ይህን ሲሸከም ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ በአጠገቡ ያለውም የባሕር ዛፍ እንጨት ይያያዛል።

ስለዚህ ቤት የሚያሠሩ ሁሉ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት እነዚህን ነገሮች ይጠይቁ። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ ደግሞ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ እያንዳንዱም በየራሱ መስመርና በየራሱ ብሬከር ይሁን። ብሬከሩም ለመብራቱ 10፣ ለሶኬቱ 16፣ ለምጣዱ 20 አምፔር ይበቃል። ብሬከር ደጋግሞ ቢወድቅ ምክንያቱን መፈለግ እንጂ በትልቅ መለወጥ አይገባም። ሽቦው በጭቃው ውስጥ ራቁቱን ሳይሆን በቱቦ ይለፍ።

የመሬት ሽቦ የሚባለውንም ማንም አይናቀው። የምጣዱ ብረት ኮረንቲ ቢይዝ፣ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ከሌለ መንገዱ የእናቲቱ እጅ ይሆናል። የመዳቡ ዘንግ በደጋችን ድንጋያማ መሬት ላይ ጥቂት ገብቶ መቅረት የለበትም፤ አፈሩ በበጋ ሲደርቅ ኮረንቲውን በደንብ አይቀበልምና፣ እርጥበት በማይለየው ስፍራ ጠልቆ ይቀበር። ከዚህ ጋር በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ቢገጠም፣ ኮረንቲ በሰው አካል ማለፍ ሲጀምር ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ያቋርጠዋል።

በዳባትና በደባርቅ በኩል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለባቸው። በክረምት መብረቅ ሲበዛ የቴሌቪዥኑንና የማቀዝቀዣውን መሰኪያ ከሶኬት መንቀል ይገባል፤ ይህም ነጎድጓዱ ሳይቀርብ ይሁን። ከጎረቤት ቆጣሪ ሽቦ ስቦ በአጥርና በዛፍ ላይ ማሳለፍም በጎ ጉርብትና ቢመስልም፣ ነፋስና ዝናብ ልባሱን ሲልጡት ለሁለቱም ቤት አደጋ ነው።

አደጋ ከደረሰስ? አስቀድሞ ዋናው ማጥፊያ ይውረድ። ሰው በኮረንቲ ተይዞ ቢታይ በባዶ እጅ አይነካ፤ ማጥፋት ካልተቻለ በደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ከሽቦው ማላቀቅ ነው። በኤሌክትሪክ የተነሣ እሳት ላይ ኮረንቲው ሳይቋረጥ ውኃ አይረጭም፤ ደረቅ አሸዋ ይደፋበታል። ከመንገድ ምሰሶ የወደቀ ሽቦ ግን ከፍ ያለ ኃይል ሊኖረው ስለሚችል፣ በእንጨትም ቢሆን አይነካም፤ ከርሱ ርቆ የኤሌክትሪክ አገልግሎትን መጥራት ብቻ ነው።

እኛ የቀለጠውን ሶኬት አልጣልነውም። በዋናው ማጥፊያ አጠገብ ሰቅለነዋል፤ ልጆቻችን በርሱ ሥር ሆነው ማጥፊያውን ማውረድ ተምረዋል። በቤትዎ ያሉት ሁሉ፣ ትንሹም ትልቁም፣ ይህን ማጥፊያ በጨለማ እንኳ ፈልገው ማግኘት ይችሉ እንደ ሆነ ዛሬ ማታ ይጠይቋቸው።