ጭረቷ ምን ትላለች? የመጽሐፍ ኢንዴክስና የገጽ ቁጥሮቹ

አንድ የታሪክ መጽሐፍ ያዛችሁና የመጨረሻዎቹን ገጾች ገለጣችሁ እንበል። «አሉላ (ራስ)» ከሚለው ስም ቀጥሎ 41፣ 42፣ 43፣ 44፣ 45፣ 46፣ 112 የሚሉ ቁጥሮች ተደርድረዋል። በሌላ መጽሐፍ ደግሞ ያው ስም 41–46፣ 112 ተብሎ ተጽፏል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ቦታ ለመቆጠብ ያጠረ አድርጎ ያየውና ያልፈዋል። ሁለቱ ግን የሚሉት ነገር ይለያያል። የመጀመሪያው «ስማቸው በእነዚህ ሰባት ገጾች ላይ ተነሥቷል» ይላል፤ ሌላ ነገር አይነግረንም። ሁለተኛው «ከገጽ 41 እስከ 46 ደራሲው ስለ ራስ አሉላ ሳያቋርጥ ይተርካል፤ ገጽ 112 ላይ ደግሞ ስማቸውን አንድ ጊዜ አንሥቶ አልፏል» ይላል። ስለ ዶጋሊ ውጊያ ለማንበብ የቸኮለ ተማሪ የትኛውን ገጽ መጀመሪያ መግለጥ እንዳለበት የምትነግረው ያቺ አጭር ጭረት ናት።

«ማውጫ» የምንለው ከመጽሐፉ ፊት ያለውን፣ ምዕራፎቹ በተራ የተዘረዘሩበትን ነው። ከኋላ የሚመጣውን፣ ስሞችና ጉዳዮች በፊደል ተራ ተሰድረው ገጻቸው የተነገረበትን አንዳንዱ ጠቋሚ፣ አንዳንዱ መጠቁም፣ ሌላው ኢንዴክስ ይለዋል፤ እኔም ኢንዴክስ እያልኩ እቀጥላለሁ። ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት ኢንዴክስ የላቸውም። ደራሲ አምስት መቶ ገጽ ደክሞበት፣ አሥር ገጽ ጨምሮ ለተመራማሪ በሩን ሳይከፍትለት ሲቀር ያሳዝነኛል። ካላቸውም ጥቂቶች ውስጥ ቁጥሮቹ በትክክል የተጻፉበትን ማግኘት ቀላል አይደለም።

በገጽ ቁጥር መጠቆም ራሱ ከኅትመት ጋር የተስፋፋ ነገር ነው። በብራና ዘመን የቁም ጸሐፊው እጅ ወፈር ካለ ገጹ ይበዛል፣ ደቀቅ ካለ ያንሳል፤ የአንድ መጽሐፍ ሁለት ቅጂዎች ገጻቸው አይገጥምም። ስለዚህ የሚጠቀሰው መጽሐፉና ምዕራፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1230ዎቹ በፓሪስ፣ በሂው ዘሴንት ሼር መሪነት የዶሚኒካን መነኮሳት የመጽሐፍ ቅዱስን ቃላት ከነቦታቸው ሲሰበስቡ እያንዳንዱን ምዕራፍ በሐሳብ ሰባት ላይ ከፍለው ከኤ እስከ ጂ ባሉት ፊደላት ሰየሙት። «ከምዕራፉ ወገብ ላይ» ወይም «ወደ ማለቂያው» ለማለት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። በ1470 ኮሎኝ ላይ አርኖልድ ቴርሆርነን ያተመው አነስተኛ የስብከት መጽሐፍ በየቅጠሉ ቁጥር ይዞ ወጣ። አንድ ጊዜ የታተመ መጽሐፍ ቅጂው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ኮሎኝ ያለው አንባቢና ፓሪስ ያለው አንባቢ አንድ ቁጥር ይዘው አንድ ቦታ ላይ መገናኘት ቻሉ።

ዛሬ ይህን ሥራ አብዛኛው ደራሲ የሚሠራው በማይክሮሶፍት ዎርድ ነው። ዎርድ ደግሞ ኢንዴክስን የሚረዳበት የራሱ መንገድ አለው። እናንተ አንድን ቃል መርጣችሁ «ማርክ ኢንትሪ» ስትሉት፣ ከቃሉ አጠገብ ኤክስ እና ኢ በሚባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት የሚጀምር ስውር ምልክት ይተክላል። ኢንዴክሱን ሲሠራ እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ ይለቅምና ያረፉበትን ገጽ ይጽፋል። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ብትተክሉ ቁጥሩን አንዴ ብቻ ያወጣዋል። ተከታታይ ገጾችን ግን አያጣምርም። «ማርክ ኦል» የሚለውን የተጫነ ሰው ደግሞ ቃሉ በተገኘበት አንቀጽ ሁሉ፣ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ምልክት ይተከልለታል። 41፣ 42፣ 43 እያለ የሚወርድ ረጅም ሰልፍ ሳይ የምጠረጥረው ይህንን ነው፤ ማሽኑ ቃሉን አግኝቷል፣ ገጾቹን አንብቦ የመዘነ ሰው ግን አልነበረም።

ጭረቷን ለማግኘት ዎርድን በሌላ ቋንቋ ማናገር ያስፈልጋል። መጀመሪያ ትረካው ከሚጀምርበት ፊደል እስከሚያልቅበት ድረስ፣ ስድስት ገጽም ቢሆን፣ ጽሑፉን በሙሉ ትመርጣላችሁ። ከዚያ «ኢንሰርት» ከሚለው ውስጥ «ቡክማርክ» ገብታችሁ ስም ትሰጡታላችሁ። ስሙ በፊደል መጀመር አለበት፣ ክፍት ቦታ አይኖረውም፣ ከ40 ፊደላትም አይበልጥም። ቀጥሎ ከመረጣችሁት ክፍል መጨረሻ ላይ ጠቅ አድርጋችሁ «ማርክ ኢንትሪ»ን ትከፍቱና የኢንዴክሱን ቃል ትጽፋላችሁ፤ «ፔጅ ሬንጅ» የሚለውን መርጣችሁ የሰጣችሁትን የቡክማርክ ስም ታመለክቱታላችሁ። አሁን ዎርድ የቡክማርኩን ራስና እግር አይቶ 41–46 ብሎ ይጽፋል። ጽሑፉ ወደፊት ተገፍቶ ከ43 እስከ 48 ቢሆንም፣ ኢንዴክሱ ሲታደስ ቁጥሮቹ አብረው ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቡክማርክ በተደረገው ክፍል መሐል የሚጨመር ጽሑፍ የቡክማርኩ አካል ይሆናል። ከመጨረሻው አራት ነጥብ ቀጥሎ የሚጨመር አንቀጽ ግን ውጭ ይቀራል። ደራሲ የመጨረሻ ንባብ ሲያደርግ የሚጨምረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያው ትረካው ካለቀበት ላይ ነው። ስለዚህ አዲሱን ሐሳብ ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በፊት አስገቡት፤ ካልሆነም ክፍሉን እንደገና መርጣችሁ በዚያው ስም ቡክማርክ አድርጉት፤ አዲሱ የቀድሞውን ይተካል።

አሁን ወደ ሥርዓተ ነጥቡ እንምጣ፤ ለአማርኛ መጽሐፍ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነውና። ዎርድ ካልነገሩት በቀር በገጾች መካከል የላቲኑን ኮማ፣ እንደ 41–46 ባለ የገጽ ክልል ውስጥ ደግሞ መካከለኛዋን ጭረት ያስገባል። ጭረቷ ለእኛም ትስማማለች። ኮማው ግን ሌላው ሁሉ በፊደላችን በተጻፈ ገጽ ላይ ባዕድ ሆኖ ይታያል። የእኛ ነጠላ ሰረዝ አለልን። አንዳንዱ ኮማዎቹን በእጁ እየለቀመ ይቀይራል። እኔም አንድ ጊዜ የአንድ ወዳጄን ረቂቅ ኢንዴክስ ስምንት ገጽ ሙሉ፣ ከቀትር በኋላ ጀምሬ እስኪመሽ በእጄ አረምኩት። በማግስቱ አንድ ምዕራፍ ላይ ሁለት መስመር ተጨመረና ኢንዴክሱን ለማደስ ኤፍ 9 ተጫንኩ። የለፋሁበት ሁሉ ጠፍቶ ኮማዎቹ ተመልሰው ቁጭ አሉ። ኢንዴክሱ ፊልድ ነው፤ በታደሰ ቁጥር ከሥሩ ይሠራል፣ በላዩ ላይ የተጻፈውን አያስቀርም።

መፍትሔው ከሥር ማረም ነው። ኢንዴክሱ ላይ ሆናችሁ ሺፍትና ኤፍ 9 ስትጫኑ ዝርዝሩ ይጠፋና በቅንፍ የታጠረ አንድ አጭር ትእዛዝ ይወጣል። ወደ ግራ ያዘመመውን ዘንግ (\) አስቀድማችሁ ኤል የተባለችውን ትንሿን የላቲን ፊደል ጻፉ፤ ቀጥሎ በላቲኑ የጥቅስ ምልክት ውስጥ ነጠላ ሰረዝና አንድ ክፍት ቦታ አስገቡ። ከዚያ በኋላ በገጾች መካከል የሚገባው «፣» ይሆናል። ጂ የተባለችው ፊደል በተመሳሳይ መንገድ የክልሉን ምልክት ትወስናለች፤ ኢ ደግሞ በቃሉና በመጀመሪያው ቁጥር መካከል ምን እንደሚገባ ትናገራለች። መልሳችሁ ኤፍ 9 ስትጫኑ ገጹ ሁሉ ይስተካከላል፤ ከዚያ ወዲያ መቶ ጊዜ ቢታደስም አይበላሽም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ በአንድ ዋና ቃል ሥር ንዑስ ቃል ለማስገባት ዎርድ የሚያውቀው የላቲኑን ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። የእኛን ሁለት ነጥብ (፡) ብታስገቡ ሁለቱንም እንደ አንድ ቃል አያይዞ ያወጣቸዋል። በዓይን ስለሚመሳሰሉ ስሕተቱ የት እንዳለ ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል።

ሁለተኛውን ቁጥር ማሳጠርስ? እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ የሚታተመው የቺካጎ የአጻጻፍ መመሪያ ለዚህ ዝርዝር ደንብ አለው። በእርሱ መሠረት 71–72 እና 100–104 በሙሉ ይጻፋሉ፤ ከ101 እስከ 108 ያለው 101–8 ይሆናል፤ ከ321 እስከ 328 ያለው 321–28 ይሆናል። ዎርድ ይህን አያደርግም፤ ሁልጊዜ ሙሉውን ይጽፋል። ለአማርኛ መጽሐፍ የዎርድ ይሻላል እላለሁ። አንባቢያችን በዚያ ደንብ አልሠለጠነም፤ 101–8ን ሲያይ ገጽ 8ን ሊፈልግ ወደ ኋላ ቢመለስ አይፈረድበትም። የሚቆጠበው ቦታ ለዚህ ችግር አይበቃም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የፊደላችን ጉዳይ ነው። ዎርድ ዓድዋ፣ አድዋ እና ዐድዋ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው ብሎ ያምናል። ኃይሌና ሃይሌም፣ ሠራዊትና ሰራዊትም እንደዚያው። ደራሲው በምዕራፍ አራት «ዓድዋ»፣ በምዕራፍ አምስት «አድዋ» ብሎ ከጻፈ፣ አንዱ ቃል ሥር 88–104 ይወጣል፤ ሌላው ሥር፣ ብዙ መስመር ርቆ፣ 131–139 ብቻውን ይቀመጣል። አንዱን ያገኘ አንባቢ ሌላው እንዳለ በምን ያውቃል? ስለዚህ ምልክት መትከል ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱ ስም አጻጻፍ በወረቀት ላይ መወሰን አለበት። ጥቅስ ውስጥ ያለውን አጻጻፍ መቀየር አይገባም፤ ኢንዴክሱ ላይ የሚወጣውን ቃል ግን «ማርክ ኢንትሪ» ሳጥን ውስጥ ባንድ ዓይነት መጻፍ ይቻላል።

ነፃው የጽሕፈት ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ ተከታታይ ገጾችን በራሱ በጭረት የማጣመር ምርጫ አለው። ጊዜ ይቆጥባል፤ እኔ ግን እንዳለ አልቀበለውም። ራስ አሉላ በገጽ 41፣ 42 እና 43 ላይ በሦስት የተለያዩ ወሬዎች መሐል ስማቸው ብቻ ተነሥቶ ከሆነ፣ 41–43 ብሎ መጻፍ አንባቢን ማታለል ነው። እዚያ ላይ 41፣ 42፣ 43 ይጻፍ። አንድ ትረካ ከገጽ 41 ግርጌ ተነሥቶ 42 አናት ላይ ካለቀ ደግሞ፣ ሁለት ገጽ ብቻ ቢሆንም 41–42 ነው።

ኢንዴክሱን ከማደሳችሁ በፊት ስውር ምልክቶቹን የሚያሳየውን አዝራር አጥፉ። ምልክቶቹ በማያ ገጹ ላይ ሲታዩ ቦታ ይይዛሉ፣ ጽሑፉን ይገፋሉ፣ ቁጥሮቹም ይሳሳታሉ። የገጹ መጠንም መጀመሪያ ይወሰን። በኤፎር ወረቀት የተሠራ ኢንዴክስ ጽሑፉ በመጽሐፍ መጠን ሲለቀም አብዛኛው ቁጥር አይገጥምም፤ ሥራው ወደ ገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ወደ ኢንዲዛይን የሚሄድ ከሆነ የመጨረሻው ኢንዴክስ እዚያው፣ ገጾቹ ከረጉ በኋላ ይውጣ።

መጽሐፋችሁ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ስጡት። ከኢንዴክሱ ውስጥ ከአምስት ቁጥር በላይ የተደረደረበትን ስም ሁሉ ፈልጉ፤ ገጾቹን አንድ በአንድ ግለጡና አንብቡ፤ ትረካው ከተያያዘ በጭረት ግጠሙት፣ ስም ብቻ የተነሣበትን ገጽ ለብቻው ተዉት። ያንን ሥራ ከእናንተ በቀር የሚሠራላችሁ የለም።