ያልተሸነፈው፣ ግን ያልተጋበዘው ቡድን

እ.ኤ.አ. በ1951 የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን 9 ጨዋታ አድርጎ ዘጠኙንም አሸነፈ። ዩኒቨርሲቲው ኢየሱሳውያን ካህናት የመሠረቱት ትንሽ የካቶሊክ ተቋም ሲሆን ቡድኑ ዶንስ ይባላል። ያ የውድድር ዘመን እንዳበቃ ቡድኑ ፈረሰ።

ይህ ጨዋታ እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። 11 ለ11 የሚሰለፉት ተጫዋቾች ሞላላውን ኳስ በእጃቸው ይዘው ይሮጣሉ ወይም ይወረውራሉ። አጥቂው ቡድን በ4 ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል፣ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። በዚያ ዓመት ከኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ ኳስ ይዞ ብዙ ርቀት የሮጠው የዶንሱ ኦሊ ማትሰን ነበር፤ 1,566 ያርድ። ኒው ዮርክ ላይ ፎርድሃም ዩኒቨርሲቲን 32 ለ26 ሲረቱ፣ ማትሰን ተጋጣሚው የለጋውን የማስጀመሪያ ኳስ ሁለት ጊዜ ተቀብሎ እስከ ግብ መስመሩ አደረሰው።

የአሰልጣኝ ጆ ኩሃሪች ልጆች የመጨረሻ ጨዋታቸውን ፓሳዴና በሚገኘው ሮዝ ቦውል ስታዲየም ሎዮላ ዩኒቨርሲቲን 20 ለ2 በመርታት ደመደሙ። ከዚያ የሚጠበቀው ግብዣ ነበር። በውድድር ዘመን ማብቂያ የተመረጡ ቡድኖች ቦውል በሚባሉ ጨዋታዎች ይጋጠማሉ፤ ተጋባዡ ክብርም ገንዘብም ያገኛል። ዩኒቨርሲቲው በፉትቦሉ እየከሰረ ስለነበር ገንዘቡ በእጅጉ ያስፈልገው ነበር። ነገር ግን ከታላላቆቹ ቦውሎች አብዛኞቹ የሚካሄዱት ያኔ የዘር መለያየት ሕግ በነበረበት የአሜሪካ ደቡብ ነበር። ለዶንስ የቀረበው ቅድመ ሁኔታም ሁለቱን ጥቁር ተጫዋቾች፣ ማትሰንንና በርል ቶለርን፣ ትታችሁ ኑ የሚል ነበር። ነጮቹ ጓደኞቻቸው እምቢ አሉ። ግብዣው ቀረ፤ ዩኒቨርሲቲውም ኪሳራውን መሸከም ስላልቻለ ቡድኑን በተነው።

ተጫዋቾቹ ግን ከጨዋታው አልራቁም። ማትሰን በ1952 የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በ400 ሜትር ነሐስ፣ በዱላ ቅብብል ብር አገኘ። እርሱ፣ ጂኖ ማርኬቲና ቦብ ሴንት ክሌር በፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ተመዘገቡ። የቡድኑን ዜና ለጋዜጦች ያደርስ የነበረው ወጣት ፒት ሮዜልም ከ1960 ጀምሮ የብሔራዊ ፉትቦል ሊግ የበላይ ኃላፊ ሆነ።

የቶለር መንገድ ሌላ ነበር። በ1952 ጉልበቱ ተጎድቶ ተጫዋችነቱ ተቋረጠ። መምህር፣ በኋላም የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነ። በ1965 ደግሞ በሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኖ ፊሽካውን ያዘ። በጥር 1980 የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦውልን ሲዳኝ ሜዳው ያው የፓሳዴናው ሮዝ ቦውል ነበር። ከ28 ዓመት በፊት ከቦውል እንዲቀር የተፈለገው ሰው ከሁሉም በሚበልጠው ቦውል ሕግ አስከባሪ ሆነ።