ሰሙ አምሯል፤ ወርቁስ? የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም አመዛዘን

የጠፈር መርከብ፣ የሚነድ ሰማይ፣ በኮምፒውተር የተፈጠረ እንግዳ ፍጡር፤ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ዓይንን የሚይዙት በእነዚህ ነው። ጥያቄው ትዕይንቱ ካለፈ በኋላ ለተመልካቹ ምን ይቀራል የሚለው ነው።

መመዘኛው ከጎጃም ምድር ሩቅ አይደለም። ዲማ፣ ጎንጅና ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ደቀ መዝሙር ሰምና ወርቅን እንዲለይ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ስያሜው የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ በሰም ቅርጽ ያወጣል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በስፍራው ወርቁ ይፈስሳል። ሰሙ ከተበላሸ ወርቁም ቅርጽ ያጣል፤ ወርቅ ያልተተካበት ሰም ደግሞ ቀልጦ ይቀራል። በፊልምም ትዕይንቱ ሰም፣ ጭብጡ ወርቅ ነው። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል የሚለው ሳይሆን ትዕይንቱ ምን ተሸክሟል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የክሪስቶፈር ኖላን «ኢንተርስቴላር» እንመልከት። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የፊዚክስ ሊቁ ኪፕ ቶርን ያማከሩበትን የጥቁር ጉድጓድ ምስል ነው። የታሪኩ መነሻ ግን እርሻ ነው። የሰብል በሽታ ስንዴን አጥፍቷል፤ የዓለም ሕዝብ በበቆሎ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባለታሪኩም የቀድሞ አብራሪ፣ የአሁን ገበሬ ነው። ይህ ለስንዴ አምራቹ የጎዛምን አርሶ አደር እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ የስንዴ ማሳዎች ላይ በወረርሽኝ መልክ ሲነሣ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል በሰፊው ይዘራ የነበረው «ኩብሳ» የተባለው ዝርያ ይገኝበታል። በአንድ ሰብል ወይም በአንድ ዝርያ ብቻ የመደገፍ አደጋ፣ የፊልሙ አንዱ ወርቅ ይህ ነው። በጥቁር ጉድጓዱ ብቻ ተደንቆ የወጣ ተመልካች ለማሳው የሚበጀውን ነገር ሳያነሣ ሄዷል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአገራችን ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ክራምብስ»፣ ትርጉሙም ፍርፋሪ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ የተሠራ የ68 ደቂቃ ፊልም ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል። ሥልጣኔ ከፈረሰ በኋላ ባለው ዘመን የጠፈር መርከብ ሰማይ ላይ ቆሟል፤ በምድር ደግሞ የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የሙዚቃ ሸክላ እንደ ውድ ቅርስ ይቆጠራሉ። ትዕይንቱ በብዙ ገንዘብ የተገዛ አይደለም፤ የዳሎል ምድር ራሱ ሌላ ዓለም ይመስላል። ተመልካቹን የሚከተለው ጥያቄ ግን ጥልቅ ነው፦ ዛሬ የምንሻማበት ዕቃ ነገ ምን ዋጋ ይኖረዋል?

እንግዲህ ተመልካች ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይችላል። ታሪኩን ላላየው ሰው በቃል ብተርክለት ይይዘዋል? ትዕይንቱ ቢወጣ ታሪኩ ይጎድላል ወይስ እንዳለ ይቆማል? በኑሮዬ የማውቀውን ነገር አዲስ አድርጎ አሳየኝ?

መልሱ ፊልም ለመሥራት ለሚመኙ የአካባቢው ወጣቶችም ይጠቅማል። ውድ መሣሪያ ባይኖራቸው እንኳ የጮቄ ተራራና የዓባይ በረሃ በደጃቸው ናቸው። ሰሙ ከቅርብ ይገኛል፤ የሚደከምበት ወርቁ ነው።