የስፓኒሽ ኮንዲሲዮናልና የእኛ «እኖር ነበር»

የስፓኒሽ ግስ ማርባት የሚያማርር ሰው «ይሆን ነበር» ከሚባልበት የግስ መልክ፣ ከኮንዲሲዮናል ጋር ገና አልተዋወቀም። በአብዛኞቹ ጊዜያት የግሱ መጨረሻ ተቆርጦ ሌላ ይቀጠልበታል። እዚህ ግን ንዑስ አንቀጹ እንዳለ ይቀመጥና ኢያ፣ ኢያስ፣ ኢያ፣ ኢያሞስ፣ ኢያይስ፣ ኢያን ይከተሉታል። አብላር (መናገር) አብላሪያ፣ ኮሜር (መብላት) ኮሜሪያ፣ ቢቢር (መኖር) ቢቢሪያ ይላል፤ በቃ። ከዚህ የሚያፈነግጡ ደርዘን ያህል ግሶች አሉ፤ እነሱ ይቆዩ።

አማርኛ ተናጋሪው የሚሰናከለው ሌላ ቦታ ነው። «ልጅ ሳለሁ ማድሪድ እኖር ነበር» እንላለን፤ «ገንዘብ ቢኖረኝ ማድሪድ እኖር ነበር»ም እንላለን። ስፓኒሽ የፊተኛውን ቢቢያ፣ የኋለኛውን ቢቢሪያ ብሎ ይለያቸዋል። አንድ ተማሪ ምኞቱን ሊናገር ፈልጎ «ቢቢያ ኤን ማድሪድ» ሲል አጠገቡ ነበርኩ። የሚያናግራት ስፔናዊት ወዲያው «የትኛው ሰፈር?» አለችው። ልጁ ማድሪድን በዓይኑ አይቷት አያውቅም! እሷ ምን ታድርግ፤ ኖሬባት ነበር ብሏታል። መቁረጥ የለመደ ሰው እዚህም ይቆርጣል፤ እባካችሁ ያቺን «ሪ» አትዋጧት።

እኔን የሚያስደንቀኝ የቅጥያው አመጣጥ ነው። በኋለኛው ዘመን ላቲን ተናጋሪዎች ንዑስ አንቀጹን አስቀድመው «ነበረው» የሚል ትርጉም ያለው ረዳት ግስ ያስከትሉ ነበር፤ «መዘመር ነበረው» እንደ ማለት። ረዳቱ እያጠረ ሄዶ ኢያ ሆነና ከግሱ ጋር ተጣበቀ። እነሱም እንደ እኛ በ«ነበር» ነው የሠሩት! ስፌቱ በመካከለኛው ዘመን ስፓኒሽ ገና ይታይ ነበር፤ «እሱን»፣ «ለአንተ» የመሳሰሉ ተውላጠ ስሞች በግሱና በኢያ መካከል ይገቡ ነበር። ፖርቱጋልኛ በመደበኛ ጽሑፍ ዛሬም ያስገባቸዋል።

በኢ ላይ የምትሰመረውን ጭረት ችላ የሚሉ ደግሞ ያናድዱኛል። ጭረቷ በስድስቱም ላይ አለች፤ ድምፁ የሚጎላው እዚያ ነው። ሴር (መሆን) ከሚለው ግስ የሚወጣው ሴሪያ «ይሆን ነበር» ማለት ነው። ጭረቷን ብትተዋት ግን «ኮስታራ» የሚል የሴት ቅጽል ጻፍክ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ገንዘብ ቢኖረኝ» ለማለት «ቢ» የሚለውን ከሚተካው ከ«ሲ» ቀጥሎ ኮንዲሲዮናል አይገባም፤ «ሲ ቱቢዬራ» ነው የሚባለው። ቡርጎስ ወይም ባስክ አገር ብትሄዱ በኮንዲሲዮናሉ «ሲ ቴንድሪያ» የሚል ትሰማላችሁ። የአካባቢው አነጋገር ነው፤ ፈተና ላይ ግን አትጻፉት።